ውሃ አይንካው

ንጹሕ ዓይን የሚባል ነገር የለም። ይህን ስል የሚቀየሙኝ ሰዎች አሉ፤ ግን ዕድሜዬን በዓይን ክፍል የጨረስኩ ነርስ ነኝና ከነቅያሜያችሁ ስሙኝ። ጠዋት ታጥባ፣ ተኳኩላ የወጣች ሙሽራ እንኳ ሽፋሽፍቷ ሥርና የዓይኗ ጥግ ላይ የማይታዩ ተሕዋስያን ሞልተዋል። ባክቴሪያ እንላቸዋለን። እዚያው ይራባሉ፣ እዚያው ይሞታሉ፣ ማንንም አያስቸግሩም። ግቢ ውስጥ የምትጭር ዶሮ ምን ጉዳት አላት? የጎተራው በር ክፍት ሆኖ ያገኘች ቀን ነው ጉዱ። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ለማውጣት ዓይንን ሲቀድ ያንን በር ከፈተ ማለት ነው። የዓይን ውስጡ ደግሞ ጠባቂ የሌለው ቤት ነው፤ አንዴ ከገቡበት ብዙ ሳይቆዩ መግል ያደርጉታል።

ስለዚህ የእኔ ሥራ በሩ ከመከፈቱ በፊት ዶሮዎቹን ማባረር ነበር። ሁሉንም ማባረር አይቻልም፤ ማሳሳት ነው የሚቻለው። በደርግ ጊዜ ደሴ ውስጥ ለዚህ የነበረኝ መሣሪያ ሳሙና፣ ፈልቶ የበረደ ውሃ፣ የዓይን ጠብታና የራሴ ጭቅጭቅ ነው። የበሽተኛውን ሽፋሽፍት ቫዝሊን በተቀባ መቀስ እከረክማለሁ። የዓይኑን ጥግ፣ አፍንጫው አጠገብ፣ በጣቴ ጫን እላለሁ፤ ከዚያ መግል ብቅ ካለ ያ ሰው መጀመሪያ የእንባ መውረጃውን ይታከማል እንጂ ቢላ አይነካውም። ቋጠሮውንም እፈትሻለሁ። ኩል፣ ቅቤ፣ በብልቃጥ የጡት ወተት፣ ዱአ የተደረገበት ውሃ፣ ጠበል፣ የተፈጨ ቅጠል፣ ያላገኘሁት የለም። ሁሉም ለዓይን ደግ ነው ተብሎ የመጣ ነው። ሽማግሌዎቹ «ከኬላው ፈታሽ አንቺ ትብሻለሽ» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ኬላው የይለፍ ወረቀት ካየ ያሳልፋል፤ እኔ ምንም ወረቀት አላይም።

አክስቴም የመጣችው እዚሁ ፍተሻ ላይ ነው።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ ደሴ ውስጥ ክርስቲያን አግብታ ክርስትና ተነሣች፤ አክስቴ ደግሞ ከቢስቲማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር በእስልምናዋ ጸንታ የመንደሩን ሼህ አገባች። ወሎ ውስጥ ይህ ወሬም አይሆን። በዓላችን ሲደርስ እነሱ ይመጣሉ፣ በዓላቸው ሲደርስ እኛ እንሄዳለን፣ ሥጋው ብቻ ለየብቻ ይታረዳል። ባሏን ቤተ ሰቡ በሙሉ ሼሁ ነበር የሚላቸው። ክረምት ያርሳሉ፣ በጋ የሰፈሩን ልጆች ቁርአን ያስቀራሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ልጅ አልወለዱም። ሁለቱ እርስ በርስ እንደ ልጅ ነበር የሚተሳሰቡት፤ እሷ ቀድማ ካልቀመሰች እሳቸው አይጎርሱም፣ እሳቸው ካልገቡ እሷ ጎኗን አታሳርፍም። እኔ ባለ ትዳር ሆኜ በነሱ እቀና ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ሞራ ወጣባት። ድርቁ ካለፈ በኋላ፣ ሌላ ከተማ ለዘመቻ የመጡ ሐኪሞች አሉ ተባለና ሼሁ በበቅሎም በመኪናም አድርገው ወሰዷት። የግራው ተቀደደ። ቀዶ ጥገናው ደህና ነበር ይባላል፤ ሞራው ወጣ፣ ተሰፋ፣ ታሰረ። ከዚያ ጥቂት ቀን ቆይቶ ዓይኗ አብጦ መረቀዘ፣ ሕመሙ ከራሷ አልፎ አንገቷ ድረስ ወረደ፣ በመጨረሻ ምንም የሚተርፍ ነገር ስላልነበረ ዓይኑን ባዶ አድርገው ሰደዷት። ያኔ እኔ ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ነበርኩ። ወሬውን የሰማሁት ከሆነ በኋላ ነው።

በቤተ ሰባችን ሁሉም የሚወቅሰው ሰው አገኘ። እናቴ ሐኪሞቹን ወቀሰች። ጎረቤቶቿ የሰው ዓይን ነው አሉ። እኔ፣ ነርስ ነኝና፣ የዓይኗ ጥግ ሳይጫን፣ ሽፋሽፍቷ ሳይከረከም ቀደዷት ብዬ የማላውቃቸውን ሰዎች ስረግም ከረምኩ። አክስቴ ብቻ ማንንም አልወቀሰችም። «ጀሊሉ ሰጠ፣ ጀሊሉ ወሰደ» ብላ ሰፌዷን መስፋት ቀጠለች። የቀረው ዓይኗም ግን እየመሸበት ነበር። መጀመሪያ የቀለሙን አለላ ከነጩ መለየት ተሳናት፤ ቀጥሎ ስፌቱን ተወችው። ከዚያ የሼሁን እግር ኮቴ እየሰማች ነው የምታውቃቸው አሉ። አንድ ቀን ከብት ሊያጠጣ የመጣ እንግዳ ሰው እጅ ይዛ «ምነው ቆዩ ሼሁ?» አለችው። ያን ቀን አለቀሰች አሉ፣ በሐፍረት።

እኔ ወደ ደሴ ተዛውሬ ዓይን ክፍል ስገባ መጀመሪያ የላክሁት መልእክት ለእሷ ነው። እምቢ አለች። «አንዱን ሰጠሁ፣ ይበቃል። ትንሽ ብርሃን አለኝ፤ በርና ግድግዳ እለያለሁ» ብላ። አልፈርድባትም። የመጨረሻ ዓይኑን ለቢላ የሚሰጥ ሰው ማን ነው? ያመጧት ሼሁ ናቸው። ምን ብለው እንዳሳመኗት አላውቅም። ከገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት አጽፈው፣ በሐይቅ በኩል በጭነት መኪና ጋቢና አስቀምጠዋት፣ እሳቸው ከላይ ከእህሉ ጋር ተጭነው፣ ደሴ ደረሱ። ከአዲስ አበባ በዓመት አልፎ አልፎ የሚመጣው የዓይን ሐኪም እዚያው ነበር፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ይመለሳል። ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም። መንገዱ አንድ ጊዜ ክፍት፣ አንድ ጊዜ ዝግ የሚሆንበት ጊዜ ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ንግግሩ አጭር። የአክስቴን ዓይን አይቶ «ይወጣል» አለ። ያኛውን ባዶውን ሲያይ ግን «ይህ እንዴት ጠፋ?» ብሎ ጠየቀኝ። የሰማሁትን ነገርኩት። «እንግዲህ ሌላ የላትም። በደንብ አዘጋጂልኝ» አለ።

አዘጋጀኋት። የዓይኗን ጥግ ብጫን ብጫን ንጹሕ እንባ እንጂ ሌላ አልወጣም። በጥጥ ከዓይኗ ወስደን ላቦራቶሪ የላክነውም የሚያሰጋ ነገር አላበቀለም፤ የተለመዱት ናቸው፣ የግቢው ዶሮዎች። ጠብታውን በሰዓቱ አደርግላታለሁ፤ ሽፋሽፍቷን ስከረክም «እንደ በግ ሸለትሽኝ እኮ» ብላ ትስቃለች።

«ያድግልሻል።»

«ለማን ላሳየው ብዬ ነው ልጄ? ሼሁ እንደሆኑ እሳቸውም አርጅተዋል።»

ቀዶ ጥገናው ለነገ ሊሆን ቋጠሮዋን መፈተሽ ጀመርኩ። «ለኔም?» አለች። «በተለይ ላንቺ» አልኳት። ኩሏን ከነመኳያው ወሰድኩባት፣ አጉረመረመች። ሽቶዋን ወሰድኩባት። ከታች፣ በንጹሕ ነጭ ሻሽ የተቋጠረ፣ ጭብጥ የሚያህል ነገር አገኘሁ። ስፈታው ቀይ ደቃቅ አፈር ነው። የተነፋ ይመስላል።

«ይኼስ?»

«አፈር ነዋ።»

«የምን አፈር?»

«የተየሙም» አለች፣ የማይጠየቅ ነገር እንደጠየቅሁ ሁሉ። «ውሃ አይንካሽ ትሉኝ የለ? በምን ልሰግድ ኖሯል?»

ተየሙም ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ በግማሽ እስላም ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃል። ሶላት ከመስገድ በፊት በውሃ መታጠብ ግድ ነው። ውሃ ያጣ ወይም ውሃ የሚጎዳው ሰው ግን መዳፉን ንጹሕ አፈር ላይ መታ መታ አድርጎ ፊቱንና እጁን ያብሳል፤ ታጥቧል ማለት ነው። ሳውቀው የኖርኩት ነገር ነው። ከዓይን ጋር አገናኝቼው ግን አላውቅም። የዓይን ክፍል በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ ስንቱን ሰው «ውሃ አይንካው» እያልኩ ሸኝቻለሁ።

«ያን ጊዜም አፈር ነበረሽ?» አልኳት።

«ነበረኝ እንጂ። ሼሁ ናቸው ያመጡልኝ። የከተማ ግቢ ነጃሳ አያጣውም፣ ሰው የሸናበት ይሁን ከብት የዋለበት አይታወቅም ብለው፣ ከማሳችን ጥግ፣ እግር ካልረገጠው ቦታ፣ በወንፊት ነፍተው አመጡልኝ። ትራሴ ሥር ነበር የማኖረው።»

«ፋሻውስ? ፊትሽን ስታብሺ ፋሻውን ምን ታደርጊው ነበር?»

«ከፍ አደርገዋለሁ። ፊት ሳይዳረስ ይሆናል እንዴ? አብሼ መልሼ አስረዋለሁ፣ ደህና አድርጌ። ነገር ግን» አለች፣ ጣቷን ወደ ላይ አንሥታ፣ «ውሃ፣ ወላሂ፣ አንዲት ጠብታ አላስነካሁትም። ሐኪሞቹ ያሉኝን አልተላለፍኩም።»

ከአልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ እርግማኔ፣ ያ ሁሉ ወቀሳ፣ የሰው ዓይን ነው የተባለው ሁሉ፣ ይኸውና ጭብጥ የማትሞላ አፈር። ገና ያልገጠመ ስፌት ላይ፣ በእያንዳንዱ ሶላት፣ በሁለት እጅ። እና ደግሞ ማን ላይ ልቆጣ? ሐኪሙ ውሃ አይንካው አለ፣ አልነካውም። ዲኗ ፊትሽን አብሺ አላት፣ አበሰች። ሁለቱንም ታዛ ነው ዓይኗ የጠፋው። እንደሷ ያለ ታዛዥ በሽተኛ ኖሮኝ አያውቅም።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለች።

«ምንም። ደከመኝ» አልኩና ቋጠሮውን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ለሐኪሙ ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ውሃ አይንካው ስንል ምንም አይንካው ማለታችን ነበር» አለ፣ ለራሱ ይመስላል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ «ሶላቷን ተዪ ልላት አልችልም፣ አንቺም አትችዪም፤ ብንላትም ስንወጣ ታደርገዋለች። ፊቷን እንደማትነካ እርግጠኛ የሚያደርገኝ ነገር ካላመጣሽልኝ ነገ አልቀድም። የመጨረሻዋ ነው።» ተናደድኩበት። ግን ልክ ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው።

እሺ ሊያሰኛት የሚችል ሰው በምድር ላይ አንድ ብቻ ነው። ሼሁ ከግቢው አጥር ሥር፣ ባሕር ዛፎቹ ጋ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ተስቢሃቸውን ይቆጥሩ ነበር። የደሴ ብርድ እንደሁ ለቆላ ሰው አይራራም። አጠገባቸው ስቀመጥ ቦታ ለቀቁልኝ።

«እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነው የመጣሁ።»

ከዳር ዳሩ ጀመርኩ። ስለ ዶሮዋና ስለ ጎተራው አወራሁላቸው፣ ሰምተው ፈገግ አሉ። በዓይን ላይ ስላሉት፣ በእጅ ላይ ስላሉት፣ ስለማይታዩት ነገሮች ነገርኳቸው። ከዚያ በአፈር ውስጥ ደግሞ ከሁሉ የከፉት እንደሚኖሩ፣ ሰው ቢረግጠውም ባይረግጠውም እዚያው እንደሚኖሩ ነገርኳቸው። ተስቢሃቸው ቆመ። ገና ቋጠሮውን ከኪሴ ሳላወጣ ገብቷቸዋል።

«በወንፊት ነፍቼው ነበር እኮ» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«እግር ያልረገጠው ነው። ጠሃራ ነው።»

«ለሶላት ንጹሕ ነው፤ እሱን እኔ አልልም። ለተቀደደ ዓይን ነው ያልሆነው።»

ተናግሬ የማላውቀውን ያህል ቀስ ብዬ ነበር የተናገርኩት፣ ከዚህ በላይ ደግሞ መናገር አልችልም ነበር።

«ያኛውም ታዲያ…» አሉና አልጨረሱትም።

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። ፊታቸውን ሳይ አልቻልኩም። «ላይሆንም ይችላል፤ ሌላም ብዙ ምክንያት አለ» አልኩ። «ግን ይመስለኛል፣ አባቴ።»

እጃቸውን አዩት። መዳፋቸውን ገልብጠው፣ መልሰው ገልብጠው አዩት። ከዚያ በዚያ ቀስ ያለ ድምፃቸው «ኪታቡ ላይ አለ» አሉ። «ቁስል ያለበት ሰው ቁስሉን አይነካም፣ ዲን ጭካኔ የለውም። ለልጆች አስተምሬዋለሁ። እኔ ቁስል ሲባል የሚደማ ነገር ነበር የሚታየኝ። ታጥቦ በነጭ ፋሻ የታሰረ ዓይን ቁስል አልመሰለኝም።» ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ። ሲነሡ እንደ ሁልጊዜው ቀጥ አላሉም።

አብረን ገባን። አልጋዋ አጠገብ ቆመው፣ ልጆቹን በሚያስተምሩበት ድምፅ ነበር የተናገሩት። «ስሚኝ። ከነገ ጀምሮ ሐኪሙ እስኪፈቅድልሽ ፊትሽን በውሃም፣ በአፈርም፣ በእጅሽም አትነኪም። ፋሻውን አታነሺም። ሩኩእም ሱጁድም የለብሽም፤ አታጎነብሺም፣ ግንባርሽን መሬት አታስነኪም፤ ተኝተሽ በልብሽ ትሰግጃለሽ። ተቀባይነት አለው። ኃላፊነቱ በእኔ አንገት ነው።»

«ያን ጊዜስ በአፈር አላሉኝም?»

«ያን ጊዜ ያወቅሁትን ነገርኩሽ። አሁን የተሻለውን አየሁ።»

«እሺ» አለች። በቃ እሺ። እኔ ስንት ቀን ብጨቀጭቃት የማላገኘውን።

ውጭ ስንወጣ ቋጠሮውን ጠየቁኝና ሰጠኋቸው። አንዱ ባሕር ዛፍ ሥር ቁጢጥ ብለው አፈሩን አፈሰሱት፤ ሻሹን አራግፈው፣ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። «አደራሽን» አሉኝ፣ ሳያዩኝ። «የአፈሩን ነገር እንዳትነግሪያት። ነገ ተነገ ወዲያ ዓይኗ ከዳነ በኋላም ቢሆን። ካወቀች ዕድሜዋን ሙሉ ለሶላት እጇን ባነሣች ቁጥር ትዝ ይላታል። እኔ ልሸከመው።»

«እሺ» አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል?

በማግሥቱ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ሊመርቋት ቆሙ። የሼሁ ምርቃት እንትፍታ አለበት፤ አገሩ ሁሉ የሚፈልገው እሱን ነው። ዱአቸውን ጨርሰው፣ ከንፈራቸውን ለእንትፍታው ካዘጋጁ በኋላ እኔን አዩኝ። ዋጡት። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፤ እሳቸውም ፈገግ አሉ መሰለኝ። ከዚያ በሩ ተዘጋ።

ቀዶ ጥገናው ረጋ ያለ ነበር። ዓይኗ ብቻ ደንዝዟል እንጂ ነቅታ ነው፤ ከጨርቁ ሥር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ሞራው ሙሉውን ወጣ፣ ቢጫ፣ የምስር ክክ የሚመስል ነገር። ተሰፋ፣ ታሰረ። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ናቸው የገደሉኝ። ቤቴን ከኮምቦልቻ አላነሣሁም ነበርና፣ በጠዋት ከዚያ ተነሥቼ የሐረጎን ዳገት በአውቶቡስ ስወጣ ልቤ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል። ስገባ መጀመሪያ የማየው እጇን ነው። እጆቿ ከብርድ ልብሱ በላይ፣ ሁለቱም፣ በቀጥታ ተዘርግተዋል። አንድ ጠዋት «ቆረቆረኝ» አለችኝ። ሐኪሙን እየሮጥኩ ጠራሁት፤ ፋሻውን ሲፈታ እኔ ማየት አልቻልኩም፣ መስኮቱን አየሁ። «ክሩ ነው። ንጹሕ ነው» አለ። ወጥቼ መጸዳጃ ቤት ውስጥ አለቀስኩ። በደስታ ነው ያለቀስኩት፣ ግን አለቀስኩ።

ፋሻው በተፈታ ጊዜ ሐኪሙ ወፍራም መነጽር አደረገላት። ከዚያ ወደ ሼሁ ዞረችና ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ጢምዎ ሁሉ ነጭ ሆነ እንዴ?»

«ቆይቷል» አሉ።

«ከስተዋልም። ሰው ሳያይዎት ምግብ ትተው ነበር እንዴ?»

«አልሃምዱሊላህ» አሉና ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። ሐኪሙ ሳይቀር ወጣ ብሎ ቆየ።

የይለፍ ወረቀታቸው ቀኑ ስላለፈ፣ አዝመራውም ስለደረሰ፣ ሼሁ ቀድመዋት ወደ አገራቸው ተመለሱ። እሷ ክሩ እስኪወጣ አቧራ ወዳለበት እንዳትሄድ ስለተባለ ከእኔ ጋር ኮምቦልቻ ቆየች። ኮምቦልቻ አቧራ የላትም ማለቴ አይደለም፤ የእኔ ቤት መስኮት ይዘጋል ለማለት ነው። መነጽሯን አድርጋ በሩ ላይ ትቀመጥና የከተማው ፋብሪካ ሠራተኞች ፈረቃቸውን ጨርሰው ሲያልፉ የእያንዳንዱን ልብስ ቀለም ትነግረኛለች። ያን ሳምንት ሙሉ ቀለም ስቆጥር ነው የዋልኩት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጠብታዋን አድርጌላት፣ ዓይኗን ጨፍና እንደተንጋለለች፣ «ያኛውን ያጠፋው አፈሩ ነው፣ አይደል?» አለችኝ።

ጠርሙሱን መክደን ያዝኩ። «ማን አለሽ?»

«ማንም አላለኝ። ያን ቋጠሮ ስታገኚ አልጋው ላይ ዘጭ ስትዪ ሰማሁ። አንቺ በዋዛ አትቀመጪም። ሼሁም ሲገቡ ድምፃቸው የሐዘን ቤት ድምፅ ነበር፤ ለቀረችው ዓይን ፈርተው ነው፣ ያኛውን ከአፈሩ አላገናኙትም። ታውሬ ነበር እንጂ አልደነቆርኩም።»

ለሼሁ የሰጠሁት ቃል አለ፤ እሷ ደግሞ አውቃ ነው የምትጠይቀኝ። ዝም ማለቴን እንደ መልስ ወሰደችው። አላለቀሰችም። የጨፈነችውን ዓይን በጣቷ ልትነካ እጇን አንሥታ፣ ትዝ ሲላት መልሳ አወረደችው።

«ለሱ ብዬ እንዳደረግሁት ጀሊሉ ያውቃል» አለች። «እኔን ምንም አይለኝም። ግን ልጄ፣ አደራ። ሼሁ እንዳይሰሙ። ያን አፈር በብርድ፣ በእግራቸው፣ ስንት ተራራ አሻግረው ነው ያመጡልኝ። የሳቸው እጅ እንዳለበት ካወቁ ዕድሜያቸው አይረዝምም። ለሐኪሙም ብትነግሪው ለሳቸው እንዳይነግራቸው።»

«እሺ» አልኳት።

ክሩ ወጥቶላት ሄደች። ከዚያ በኋላ አብረው ብዙ ዓመት ኖሩ። በየበዓሉ ስሄድ ሰፌዷን ስትሰፋ፣ እሳቸው አለላውን በየቀለሙ እየለዩ ሲያቀብሏት አገኛቸዋለሁ፤ ማየት እንደምትችል እያወቁ። ሶላት ሲደርስ ውሃ ሞልቶ ሳለ እንኳ ማሰሮውን ራሳቸው ይዘው እጇ ላይ ያፈሱላታል፣ እሷም ዝም ብላ ትታጠባለች። ሁለቱም በየፊናቸው ወደ እኔ ቀና ብለው ያያሉ፣ አደራቸውን እንደጠበቅሁ ለማረጋገጥ። እኔም ለሁለቱም አንገቴን እነቀንቃለሁ። መጀመሪያ እሳቸው፣ ቀጥሎ እሷ፣ አንዳቸውም ለሌላው ሳይነግሩ ሞቱ።